የተጠማ ፈረስ ይዞ ከቢቸና እስከ ሞጣ

ሞጣ ከቢቸና ትበልጣለች። ይህን መጀመሪያ ላይ ተናግሬ ልገላገል፤ ካሳደርኩት አፌ እሺ አይለኝም። የቀረውን በሰላም እንድጽፍ ይህን አንዴ አምናለሁ፣ ሁለተኛ አልደግመውም።

መንገዱን በመኪና የሚያውቁት ብዙ ናቸው። በእግሩ፣ ያውም ፈረስ እየሳበ የሄደ ግን በእኛ ሰፈር ከእኔ ሌላ አልሰማሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ የምውል፣ ፈረስ ሲመጣ ግድግዳ ተጠግቼ የማሳልፍ ሰው ነኝ። ጎረቤቶቼ ከተመለስኩ ጀምሮ «እንዴት ነበር?» ይሉኛል፤ እኔም «ደህና ነበር» ብዬ አልፋቸዋለሁ። ደህና ግን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ባለፈው ክረምት አረፈ። ካስቀረው ነገር ሁሉ የሚተነፍሰው ፈረሱ ብቻ ነበር፤ ቀይ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ሞጣ ደግሞ የአባቴ ታላቅ ወንድም የኔታ ጥበቡ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ከከተማው ራቅ ይላል፣ ጉልበታቸው ደግሞ እምቢ ብሏቸዋል። ለወንድማቸው ቀብር እንኳ መምጣት አልቻሉም። ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ «እንግዲህ ከቤት መዋሌ ነው» ብለው ላኩብን። እናቴ ይህን በሰማች ዕለት ማታ «ዳማው ለየኔታ ይሂድ» አለች።

በአይሱዙ ልንጭነው ሞክረን ነበር። የመኪናውን የኋላ በር በርግጫ አጎበጠውና ሾፌሩ «ወንድሜ፣ ይቅርብኝ» ብሎ ሄደ። ስለዚህ በእግር ሆነ። የእናቴ ልጅ እኔ ብቻ ስለሆንኩም የሚወስደው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ረቡዕ ጠዋት እናቴ በሩ ላይ አቁማ መከረችኝ። «አንለይ፣ ላቡ ሳይደርቅ ውሃ እንዳታጠጣው። ያላበው ፈረስ ውሃ ከጠጣ ልቡ ቀጥ ይላል። አባትህ ነው የነገረኝ።» ቀጥላም የፈረሱን አንገት እያሻሸች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ይህ ፈረስ መንገድ ላይ ከሞተ ለየኔታ የወንድማቸውን ሞት እንደገና ልታረዳቸው ነው» አለችኝ።

ኮርቻው ላይ ብርድ ልብሴንና የስንቅ ከረጢቴን አስቀምጬ ከፊት ከፊት ሄድኩ። ፈረስ ይዞ በእግሩ የሚሄድ ሰው ያስቃል። የገጠመኝ መንገደኛ ሁሉ «ምነው፣ ታሟል?» ይለኛል። ማንን እንደሚጠይቁ፣ እኔን ይሁን ፈረሱን፣ አላውቅም። «ደህና ነን» እላለሁ።

የካቲት ነው፣ ፀሐይዋ ከጠዋት ጀምራ ትጠብሳለች። ወደ ደብረ ወርቅ ሲኬድ አንድ ወንዝ አለ፤ በዚህ ወቅት ወንዝ ከማለት ኩሬ ማለት ይሻላል። ዳማው ውሃውን ከሩቅ አሸተተና እኔን እየጎተተ ወረደ። አንገቱ ሥር ነካሁት፤ ላብ ነው። ልጓሙን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላ ሳብኩ፣ እሱም ወደ ፊት ሳበ። ጥላ ፈልጌ አቆምኩትና ላቡ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። በዚያ ፀሐይ ቆሞም ያልበዋል! እየነካሁ ስጠብቅ፣ እየጠበቅኩ ስነካ ቀኑ ዞረ፤ መሽቶብኝ መንገድ ላይ እንዳልቀር ፈርቼ ይዤው ወጣሁ። እሱ ዞር ዞር እያለ ውሃውን ያያል። ግን ልቡ ቀጥ ከሚል ቢጠማ ይሻላል አልኩ።

ደብረ ወርቅ ያደርኩት ከአያ ይበልጣል ቤት ነው፤ የአባቴ የድሮ ወዳጅ ናቸው። የፈረሱን ግንባር ሲያዩ እንባቸው መጣ። ገና ሰላምታችንን ሳንጨርስ ገብስ በሰፌድ ሞልተው ከፊቱ አስቀመጡለት። እኔንም አስቀምጠው እግሬን ሊያጥቡኝ ጎንበስ አሉ። እኚህ ሽማግሌ! ልከለክላቸው ብሞክር ተቆጡኝ። «የእንግዳ እግር ሳላጥብ አሳድር ኖሯል?» አሉ። ቢቸና ውስጥ ይህ ነገር እየቀረ ነው፤ አሁን በእኛ ዘንድ ለእንግዳ መጀመሪያ የሚሰጠው የስልክ ቻርጀር ነው።

እግሬ ታጥቦ ሽሮና የተልባ ፍትፍት ቀርቦልኝ ሳለ «አያ፣ ፈረሱስ ውሃ አይጠጣም?» አልኳቸው።

ጉርሻቸውን ይዘው ቀሩ። «ገብስ በልቶ? ምን ነካህ አንተ ልጅ! ገብሱ ሆዱ ውስጥ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። ይፈነዳል ፈረሱ። በጓሮዬ ልትገድልብኝ ነው?»

«ኧረ በስመ አብ! አላወቅኩም።»

«እንዴት ታውቃለህ፣ አንተ የመርፌ ሰው።» አሉና ጉርሻውን ለእኔ አጎረሱኝ።

ሐሙስ ጠዋት ቀድሜ ተነስቼ ላጠጣው አስቤ ነበር። ስወጣ አያ ይበልጣል ቀድመውኛል፤ ዳማው ሁለተኛውን ሰፌድ ጨርሶ ከንፈሩን እየላሰ ነው። «ለመንገድ ይሆነዋል» አሉኝ ደስ ብሏቸው። ምን ልበል? ፈረሱ እኮ የእሳቸውም እንግዳ ነው፤ በእኛ አገር የእንግዳ ከብት የሚበላውንና የሚጠጣውን የሚያዘው ባለቤቱ ሳይሆን ባለቤቱን ያሳደረው ሰው ነው። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ከደብረ ወርቅ ወደ ግንደወይን ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ሜዳው ሜዳውን ይወልዳል። ምሳ ሰዓት ላይ ከአንድ ምንጭ ደረስን። ላቡን ረስቼ ሳይሆን ክንዴ ዝሎ ነው፣ ዳማው አሸንፎኝ አፉን ውሃው ውስጥ ነከረ። ጥቂት እንደተጎነጨ «ገብሱ!» ብዬ ጮህኩና ጎትቼ አወጣሁት። ከዚያ ሆዱ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ። የሆነ ነገር ይንጎራጎራል። ማበጥ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ስለማላውቅ እንደሚያብጥ ቆጠርኩት። እስከ አመሻሹ ድረስ በየመቶ እርምጃው እየዞርኩ ሆዱን ሳይ፣ አንድ ከኋላዬ የሚመጣ ገበሬ «ጌታው፣ አርግዛለች እንዴ?» ብሎኝ አለፈ።

በዚያው ላይ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተላቀቀ። በገመድ አስሬ ግንደወይን የገባሁት እያነከስኩ ነው። ግንደወይን ደህና ከተማ ነው። ግን አስፋልቱን ትቶ ወደ ውስጥ ለገባ አቧራው ከቢቸና አቧራ ይልቃል፣ ይህን በኩራት እናገራለሁ።

አልጋ የያዝኩት ከእትዬ ዘመናይ ቤት ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ፈረስ ነጋዴ ነበሩ። ሰፊ ግቢ አላቸው፣ በረታቸውም እንደ ድሮው ንጹሕ ነው። ዳማውን እያዩ «ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ፈረስ ገብቶልኝ አያውቅም፣ እሰይ!» አሉ። ጫማዬን አስወልቀው ራሳቸው ለጫማ ሰፊው ላኩልኝ። እስኪሰፋ ድረስም የሟች ባለቤታቸውን ሸበጥ አደረግሁ።

ላቡ ሲደርቅ መሸ። ገብስ ከቀመሰም ቆይቷል። አሁን ነው አልኩና ባልዲ አነሳሁ። እትዬ ዘመናይ እጄን ያዙ።

«ወዴት ነው?»

«ውሃ ላጠጣው ነው፣ እትዬ።»

«በዚህ ብርድ ቀዝቃዛ ውሃ? ቁርጠት ይይዘውና እስኪነጋ ሲንከባለል ታድራለህ። የኔ ሟች ስንቱን እንዳጣ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ጠዋትስ ላጠጣው?»

«በባዶ ሆዱ? የባሰ!» አሉና ፊቴን አይተው አዘኑልኝ። «ቆይ፣ አትጨነቅ። እኔ አለሁልህ።» ማገዷቸውን አንድደው በትልቅ ድስት ውሃ አሞቁለት። በዚያ ላይ ጨው ጨመሩበት፤ ጨው ያበረታዋል አሉ። ለብ ያለውን ጨዋማ ውሃ ከፊቱ ስናስቀምጥ ዳማው አሸተተው፣ ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ጥርሱን አሳየንና ፊቱን አዞረ።

«አየህ?» አሉ እትዬ ዘመናይ። «አልጠማውም። የተጠማ ፈረስ ያገኘውን ይጠጣል።»

እናቴ ስትደውል «ጠጣ?» አለችኝ። «አልጠማውም አሉ» አልኳት። «አባትህ ሁልጊዜ ማታ ያጠጣው ነበር» ብላ ልትቀጥል ስትል ስልኩ ተቆረጠ፤ ኔትዎርኩ ጠፋ። እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓርብ ዳማው ሌላ ፈረስ ሆኖ አገኘሁት። ጭዱን አልነካውም። ግንደወይንን ጥለን እንደወጣን እኔን መጎተት ተወ፤ ልጓሙ እጄ ላይ ላላ። የሚጎትተኝ ጊዜ እፈራው ነበር፤ አሁን ባለመጎተቱ የባሰ ፈራሁ። ፀሐይዋ በረታች። ከማለዳ ጀምሮ ፋንድያ አልጣለም። በየጥቂቱ እየቆመ ጎኑን ዞሮ ያያል፤ አንድ ሰው የነካው ይመስል። ከዚያ ከአንድ ዳገት ሥር ጉልበቱን አጠፈና ተኛ።

በመንገዳችን ወረፋ ጠብቆ የቆመ ይመስል ሰው ወዲያው ተሰበሰበ። አንዱ «ቡዳ ነው» አለ፤ ሌላው «አረቄ በአፍንጫው አፍስስበት» አለ። ከገበያ የሚመለስ አንድ ጎልማሳ ማጭዱን ከትከሻው አውርዶ «እሳት አምጡ። ሆዱ ላይ ካልተተኮሰ አይነሳም» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ መንገዱን ትቶ እጅጌውን ሰብስቧል። ጭራሮ ለቅመው እሳት ማያያዝ ጀመሩ።

እኔ ዳማው አጠገብ ተንበርክኬ አለሁ። ሲነኩት እንኳ አይንቀሳቀስም። የማደርገው ጠፍቶኝ አንገቱን ስደባብስ ቆዳውን በሁለት ጣቴ ቆነጠጥኩትና ለቀቅኩት። አልተመለሰም። እንደቆነጠጥኩት ተሸብሽቦ ቆሞ ቀረ። ልብስ ሰፊ ጨርቅን በጣቱ ያውቃል፤ ልስላሴው ያልጠፋ ጨርቅ ሲቆነጥጡት ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ፀሐይ ላይ ከርሞ የደረቀ ግን እንደቆነጠጡት ይቀራል። ሌላ ቦታ ቆነጠጥኩ። ያው ነው። ይህ ፈረስ ደርቋል።

ያኔ ነው በሐሳቤ የደረደርኩት። ካላበው አይጠጣም፣ ገብስ ከበላ አይጠጣም፣ ሲመሽ አይጠጣም፣ በባዶ ሆዱም አይጠጣም። ታዲያ መቼ ነው የሚጠጣው? እናቴ ከዚህ ቀነሰች፣ አያ ይበልጣል ከዚያ ቀነሱ፣ እትዬ ዘመናይ ከወዲህ ቀነሱ፤ ሁሉም በፍቅር ነው የቀነሱት፣ እኔም እሺ ብዬ ስቀበል ጨርቁ አለቀ። አንዳቸውንም ልቆጣ አልቻልኩም። በራሴ ግን ነደድኩ።

«ውሃ!» አልኩ። «ውሃ ያለው ሰው የለም?»

አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከዳገቱ ማዶ ከምንጭ ስትመለስ ቆማ ታየን ነበር። ባንቻምላክ ትባላለች፣ ስሟን ኋላ ነው የሰማሁት። ባለማጭዱ «አልቦታል እኮ! ትገድለዋለህ» ብሎ ጮኸ። ሴትየዋ ባለማጭዱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ጀሪካኗን አወረደች።

«ፈረሱ የማን ነው?» አለችኝ።

«የአባቴ ነው። የሞተው አባቴ።»

«እንግዲያ አንተ ነህ የምታውቅ» አለችና ክዳኑን ፈታች።

አላውቅም ልላት ፈልጌ ነበር። ባርኔጣዬን ገልብጬ ውሃ ሞላሁበትና አፉ ሥር ያዝኩለት። መጀመሪያ ከንፈሩን አራሰ፤ ከዚያ ጠጣ። ባርኔጣው ያፈስ ስለነበር እየሞላን፣ እየፈሰሰ፣ እየሞላን ጀሪካኑ አለቀ። በየጉንጩ ልቡ ቀጥ ይላል ብዬ እጄን ደረቱ ላይ አሳርፌ ነበር። ሰዉ ሁሉ አብሮኝ ይጠብቃል፣ ባለማጭዱም ማጭዱ እሳቱ ላይ እየጋለ ይጠብቃል። ልቡ ይመታል። ይመታል። ቆይቶ ዳማው የፊት እግሩን ዘረጋና ተነሳ። ባለማጭዱ «እሰይ» አለና እሳቱን በእግሩ አጠፋ።

ያን ቀን ከባንቻምላክ ቤት አለፍ ማለት አልተቻለም። የቤቷን ውሃ ፈረሱ ስለጨረሰው ጀሪካኑን እኔ አዝዬ ወደ ምንጩ ተመላለስኩ። ወንድ ውሃ ሲያዝል በቢቸናም ያስቃል፣ እዚያ ግን የምንጩ ሴቶች እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁብኝ። አንዷ «የት ነው የሚገኝ እንዲህ ያለ ባል?» ብላ ስትጠይቅ ባንቻምላክ «ከቢቸና ነው የመጣ፣ ሌላም ካለ ጠይቂው» አለቻት። እኔ ፈገግ ማለት እንኳ አልቻልኩም፤ ሐሳቤ ዳማው ጋ ነው። በየምልልሱ አጠጣሁት፣ ሳያልበውም ሲያልበውም።

ቅዳሜ ማለዳ መጀመሪያ ያየሁት ፋንድያ ነው። በበረቱ ደጅ፣ ትኩስ፣ ገና የሚጨስ። ሰው ፋንድያ አይቶ እንደዚያ ደስ ይለዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባንቻምላክን ጠርቼ አሳየኋት። «እልል ልበል?» አለችኝ።

ሞጣ የገባነው ቀኑ ሲያጋድል ነው። ስለ ከተማው ስፋት መጀመሪያ ላይ የተናገርኩት ይበቃል። ባጃጁ፣ ጡሩንባው፣ የሰዉ ብዛት ዳማውን አስደንብሮት መልሶ አላበው። የየኔታ ግቢ ስንደርስ አጥሩን ተደግፈው ቆመው ነበር። በትራቸውን ጥለው የፈረሱን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙና ግንባራቸውን ነጩ ላይ አስነኩ። ለረጅም ጊዜ እንዲያ ቆዩ። እኔ ዙሪያዬን በርሜል ስፈልግ ነበር።

በርሜሉን አገኘሁና ባልዲ ሞልቼ ስመጣ ቀና አሉ። «ምን ልታደርግ ነው?»

«ላጠጣው ነው፣ የኔታ።»

«አልቦታል እኮ። አታይም? ያላበው ፈረስ ውሃ አይቀምስም።»

በዕድሜዬ ለአባቴም፣ ለእናቴም፣ ለየኔታም «አይሆንም» ብዬ አላውቅም። ልብስ ለማስለካት የመጣ ሰው «ጠባብ አድርገው» ሲለኝ እንኳ እንደሚቀደድ እያወቅኩ አጠብበዋለሁ።

«ይጠጣል፣ የኔታ» አልኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይጠጣል።»

«የወንድሜን ፈረስ በደጄ ልትገድለው ነው?»

ባልዲውን አስቀመጥኩ። ዳማው እስከ ጉንጩ ነክሮ ጠጣ። የኔታ ሊያዩ አልፈለጉም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ውዳሴ ማርያም ይደግሙ ጀመር። ባልዲው ባዶ ሲሆን ዞሩ። ዱካ አስመጥተው ከፈረሱ አጠገብ ተቀመጡና እጃቸውን ጎኑ ላይ አሳርፈው ሞቱን ጠበቁ። ራት ሲቀርብ አልመጡም። እኔም ብቻዬን በላሁ። ከተሳሳትኩ ምን ብዬ ነው ቢቸና የምገባው? ፍራሽ ተነጥፎልኝ ስጋደም እሳቸው ገና ከፈረሱ አጠገብ አልተነሱም ነበር።

እሑድ ጎህ ሲቀድ የኮቴ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ዘልዬ ወጣሁ። የኔታ ነጭ ኩታቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ከኮርቻው ጎን አስረው፣ ዳማው ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤታቸው ደግፎ አውጥቷቸው ኖሯል። ከግቢው ሊወጡ ነው። ሳልታጠብ፣ ጫማ ሳላደርግ ከበርሜሉ ባልዲ ሞልቼ እየተንጠባጠብኩ ተከተልኳቸው።

«የኔታ! ቆዩኝ!»

ልጓሙን ሳብ አድርገው ዞሩ።

«ምን ትከተለኛለህ?»

«ሳይጠጣ እንዳይወጣ ብዬ ነው።»

«ጠጥቷል» አሉኝ። «በባዶ ሆዱ፣ በብርዱ፣ እኔው አጠጥቼዋለሁ። ሌላም ጨምርልኝ ብሎ እጄን ሲልሰኝ ነበር። በል ግባና ተኛ፣ አንለይ። አድርሰሃል።»

ዳማው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ወጣ። እስኪርቁ ቆሜ አየኋቸው። ከኋላ ሲታዩ አቀማመጣቸው፣ የትከሻቸው ጎንበስ ማለት፣ የአባቴ ነበር። በቀብሩ ዕለት ድንኳኑን ሳስተካክል፣ ወንበሩን ሳስደረድር፣ ለሰዉ ምግብ እንዳያልቅ ስፈራ ዋልኩ። ከዚያ ወዲያ ስለ እናቴ ስፈራ፣ ስለ ፈረሱ ስፈራ ከረምኩ። አሁን የምፈራለት ነገር አልነበረም። ባልዲውን መሬት አስቀመጥኩና የየኔታ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ አባቴን አለቀስኩት።